አባ ጨጓሬው አልፈረደም

ቁሐር ሚካኤል
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትሕትና ይሄይስ፣
ሐዋሳ

ልጄ ሆይ፣ ሰላምታውን ለመጻፍ ብቻ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስጽፍ ኖሬ፣ የቀበሌውን ማመልከቻ፣ የወታደር እናቶችን ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ፣ ለገዛ ልጄ “እንደምን አለሽ” ማለት አቃተኝ። በየት በኩል ትጠይቃታለህ ይለኛል ልቤ። ቢሆንም እጠይቅሻለሁ። እንደምን አለሽ? ጤናሽስ? ሥራሽስ?

እኛ ዘንድ አገሩ ደህና ነው። ዘንድሮ ወንዛችን ርብ ቸር ነበር፤ ሜዳውን አጥግቦ ቶሎ ሸሸ። ሩዙ ታጭዷል፣ ወንድምሽ ደሳለው የታችኛውን ማሳ ወቅቶ ወረታ መፈልፈያ ቤት ወረፋ እየጠበቀ ነው። ጓያውም ሩዙ ሳይታጨድ ተዘርቶ በቅሏል። ቡሬ ላማችን ወንድ ጥጃ ወልዳለች። እናትሽ ሰገን በጤናዋ ደህና ናት፤ ግን እኔ ዘንድ አይደለችም። እሱን ቦታው ሲደርስ እነግርሻለሁ።

ስልክ ቁጥርሽን ማግኘት አያቅተኝም ነበር። በስልክ ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ “ደህና ነሽ? እግዚአብሔር ይመስገን” ብዬ እዘጋዋለሁ። ሊነገር የሚገባው ነገር አፌ ላይ ሲደርስ የማመልጥበት መንገድ አላጣም፤ ይህን ከደብዳቤው ራሱ ታይዋለሽ። ስለዚህ እንዳላመልጥ ነው የምጽፈው።

መስከረም 2014 ዓ.ም. ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ የአባቴን የብራና ዳዊት ፀሐይ ላስመታ ብፈልግ ከነማኅደሩ የለም። ዳዊቱን ታውቂዋለሽ። ለዕለት ጸሎቴ የታተመው ስላለኝ እሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢነካ ነው። ከወር በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ አሮጌ መጻሕፍት ፎቶ የሚያነሳ ሰው ከወረታ መጥቶ “ልይልዎት” ሲለኝ አባርሬው ነበር። አንቺ ሸኝተሽው ተመለስሽና፣ ተማሪዎቼ እንደሚጠሩኝ፣ “የኔታ፣ ቢያነሳው ምን አለበት? ጎርፍ እንኳ ቢወስደው ፎቶው ይቀር ነበር” አልሽኝ። ልክ ነበርሽ። ልክ በመሆንሽ ተናደድኩ። ዳዊቱ ሲጠፋ ቤቱን በቅጡ ሳልፈትሽ በልቤ አንቺን ያዝኩ።

በዚያ ዓመት ደጃፋችን ያለውን ሾላ አባ ጨጓሬ ወርሶት ነበር። አንቺ በልጅነትሽ እንዴት ትፈሪው እንደነበር አልረሳሁም። አያትሽ ተረቱን እየነገሩ ያስፈራሩሽ ነበር፦ አባ ጨጓሬ ድሮ መነኩሴ ነበር፣ በጾም ቅቤ በልቶ ሲጠየቅ “አልበላሁም” ብሎ ማለ፣ ያን ጊዜ የለበሰው የፀጉር ልብስ ገላው ላይ በቀለበት፤ ከዚያ ወዲህ ውሸታም ሲነካው ይቆጣል፣ እውነተኛውን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ገበሬው ደግሞ የራሱ አለው፤ ግድግዳ ከወጣ ውኃ ይመጣል፣ ከዛፍ ከወረደ ዝናሙ አበቃ ይላል። ሴቶቹ ቤት ከገባ እንግዳ አለ ይላሉ። ልጆቹም ከመነኩሴው ተረት “ሌባ ለይ” የሚሉትን ጨዋታ አወጡ። በቅጠል ያነሡትና በየተራ በመዳፋቸው ላይ ያስኬዱታል፤ የቆጠቆጠው ልጅ “ሌባው ወጣ” ተብሎ ይሮጣል፣ ሌሎቹ ያባርሩታል። መዳፍ ላይ እምብዛም ስለማይጎዳ በዚህ ጨዋታ ያለቀሰ ልጅ አይቼ አላውቅም።

ጠንቋይ ቤት አትሂዱ፣ ገድ አትቁጠሩ እያልኩ ከዓውደ ምሕረት ላይ ስንት ጊዜ ጮኻለሁ! ዳዊቱን ባጣሁ ቀን ግን “በሉ እስቲ የልጆቹ ዳኛ ይፍረደን” ብዬ እየሳቅሁ ወጣሁና በሾላ ቅጠል አንድ ትልቅ፣ ፀጉሩ ጥቁርና ቀይ የሆነ አመጣሁ። ሰዉን ያዘናጋው ሳቄ ነው። ጎረቤታችን ይርገዱ ወንፊት ልትዋስ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር፤ እሷም ሳቀች። መጀመሪያ በራሴ መዳፍ አስኬድኩት። ቀጥሎ በደሳለው፤ ሞፈር የለመደ መዳፍ ምን ይሰማዋል! ቀጥሎ በእናትሽ። አንቺም እንደነሱ መዳፍሽን ዘረጋሽ።

እኔ እጅሽን ገለበጥኩት።

ማንም ልብ አላለም። እንዳትፈሪ የደገፍኩሽ ነው የመሰላቸው። የእጅሽን ጀርባ ወደ ላይ አዙሬ፣ ትሉን በቅጠሉ ጫን ጫን እያደረግሁ እስከ አንጓሽ ድረስ አስኬድኩት። የእጅ ጀርባ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አንቺ ግን አይተሻል። ቀና ብለሽ አየሽኝና “የኔታ” ብቻ አልሽ። ሌላ አንድ ቃል ብትጨምሪ፣ “ገለበጡብኝ” ብትይ፣ ነገሩ እዚያው ይፈርስ ነበር። ለምን ዝም እንዳልሽ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም። አባትሽን በጎረቤት ፊት ላለማዋረድ ነው። አሁን አሁን ሳስበው የቤቱ ሽማግሌ አንቺ ነበርሽ፣ ልጁ እኔ ነበርኩ።

እጅሽ ብዙም ሳይቆይ እስከ ክርንሽ አበጠ። ሰገን በፀጉሯ ብታሽልሽ፣ ቅቤ ብትቀባሽ አልበርድ አለ። ሦስት ቀን እስክሪብቶ መያዝ አቃተሽ። እኔም ሳቄን ትቼ “ትሉ ፈረደ” አልኩ። ይርገዱ ወንፊቱን ትታ ወሬውን ይዛ ሄደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ በሳምንቱ ውኃ ልትቀጂ ስትወርጂ ልጆች “ዳዊት ድገሚልን” እያሉ ይከተሉሽ ጀመር። ጥቅምት ላይ ጉልበቴን ሳትስሚ ወጥተሽ ሄድሽ። የት እንደሄድሽ ለጠየቀኝ ሁሉ “የሠራችው አሳፍሯት ነው” እል ነበር።

ጥር ላይ፣ ለጥምቀት ጸናጽል ፍለጋ ቆጥ ላይ ወጣሁ። ከዘር ጆንያው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር እጄን ነካው። ሳልፈታው አወቅሁት፤ ቋጠሮው የእኔ ቋጠሮ ነው። ለካ ሐምሌ ላይ ርብ ሞልቶ ውኃው ደጃፋችን ሲደርስ፣ አንቺና እናትሽ እህሉን ከመሬት ስታነሡ፣ እኔ ዳዊቱን ጠቅልዬ በገዛ እጄ ቆጥ ላይ አውጥቼዋለሁ። ጨርሶ ረስቼው ነበር፣ ልጄ። ፀሐይ ላስመታ ስፈልገው ያን ሐምሌ ከነመኖሩም አላስታወስኩም።

መርሳት የሰው ነው። የእኔ ነውር ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጆንያውን መልሼ ጫንኩበትና ጸናጽሌን ይዤ ወረድኩ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ጥምቀት አለፈ፣ ጾሙ ገባ፣ ፋሲካ ሆነ። አንድ ዓመት ሆነ፣ ሁለት ሆነ። “መሪጌታው ጃጀ፣ በልጁ ላይ በትል ፈረደ” ከምባል አንቺ ሌባ ተብለሽ ሩቅ አገር ብትኖሪ መረጥኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እንደ እኔ ያለ ሰው ተኝቶበት ከዋለ ግን አይጠራም።

አሁን ወደ ከፋው እመጣለሁ።

ዘንድሮ ጥቅምት 24 ቀን ከደብረ ታቦር ሦስት ሽማግሎች መጡ። ተናጋሪያቸው አቶ መንግሥቴ የሚባሉ ጨዋ ሰው ናቸው፤ የእጮኛሽ የእንግዳው አጎት። እንግዳው ሐዋሳ ካንቺ ጋር እንደሚሠራ፣ ልትጋቡ እንደምትፈልጉ ነገሩኝ። “ልጂቱ አባት የለኝም ብላናለች፤ እኛ ግን በሕይወት መኖርዎን ሰምተን እንደ ወጉ ልንጠይቅዎ መጣን” አሉ። አባት የለኝም ማለትሽን አልተቀየምኩም። ከእውነቱ ብዙም አልራቅሽም።

ከዚያ አቶ መንግሥቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “የኔታ፣ መቼም ሽማግሌ ሳይጠይቅ አይሄድም። ወረታ ላይ ስለ ልጂቱ ብንጠይቅ የአባቷን ዳዊት ሰርቃ ሸጣለች አሉን። እውነት ነው?”

ዳዊቱ ከራሳቸው በላይ ነበር። ቀና ቢሉ ጆንያው ይታያቸዋል። እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው?

“ልጅነት ነው። እኔ ይቅር ብያታለሁ” አልኳቸው።

ይቅር ብያታለሁ! ባልሠራሽው ጥፋት፣ በደለኛው እኔ ሆኜ፣ ይቅር ባይ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ሽማግሎቹ “እግዚአብሔር ይስጥዎ፣ የአባት አንጀት ነው” አሉኝ፤ ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ። “እንግዲህ ተመካክረን እንመለሳለን” ብለው ተነሡ። እስከ ዛሬ አልተመለሱም። በዚህ መካከል እንግዳው ፊቱ ጠቁሮብሽ እንደሆነ፣ ነገሩ ቀዝቅዞ እንደሆነ፣ ያቀዘቀዝኩት እኔ ነኝ። በእሱ አትፍረጂበት።

እናትሽ ጓዳ ሆና ሰምታ ነበር። ዳዊቱ መገኘቱን አታውቅም። ሽማግሎቹ እንደወጡ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠችና “እሰይ! ይቅር አሏት? ስንት ዓመት ሲቀየሟት ኖረው!” ብላ በደስታ ታለቅስ ጀመር። ይህን ማየት አልቻልኩም፤ ነገርኳት። ሠላሳ ሁለት ዓመት “እርስዎ” ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። እንባዋን ጠርጋ ተነሣች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ “አንተ ሰው፣ ልጄን በትል ፈረድክባት፤ ያውም እያወቅክ” አለችኝና ወደ ደሳለው ቤት ሄደች። እስካሁን እዚያው ናት። ምግብ ትልክልኛለች፣ እሷ ግን አትመጣም። ከመሄዷ ይልቅ “አንተ” ማለቷ አሳመመኝ ብልሽ፣ ኩራቴ እንዳልሞተ ታያለሽ።

ለኅዳር ሚካኤል በሕዝብ ፊት ልናገረው ቆረጥኩ። ታቦቱ ከገባ በኋላ ዳዊቱን ከጋቢዬ ሥር ይዤ ዓውደ ምሕረቱ ላይ ቆምኩ። “ወገኖቼ፣ እኔ አንድ ኃጢአት አለብኝ” ብዬ ጀመርኩ። ቀና ብል ይርገዱ ከፊት ቆማለች፣ ተማሪዎቼ ዙሪያዬን አሉ። “መቼም ኃጢአት የሌለበት የለም” ብዬ ቀጠልኩ። ከዚያማ ምን ልበልሽ፣ ስለ ንስሐ እንደዚያ ያማረ ትምህርት አስተምሬ አላውቅም። ሰው አለቀሰ። ይርገዱ እጄን ይዛ ሳመችኝ። እኔም ዳዊቱን በብብቴ እንደያዝኩ ሰው ወደሌለበት ቤት ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ስመለስ ትንንሾቹን ተማሪዎቼን አጸዱ ውስጥ አገኘኋቸው። ዘንድሮ አባ ጨጓሬው ኅዳር ድረስ አልጠፋም፤ “ሌባ ለይ” ይጫወታሉ። አንደኛውን ቆጠቆጠውና እጁን ሲያራግፍ ሌሎቹ እያጨበጨቡ “ትሕትና ወጣች! ትሕትና ወጣች!” ብለው አባረሩት።

“ምን አላችሁ?” አልኳቸው።

“ጨዋታው እኮ ነው፣ የኔታ።”

“ትሕትና ማን ናት?”

ተያዩ። አንቺ ስትሄጂ የሁለትና የሦስት ዓመት ልጆች ነበሩ፤ አያውቁሽም። አንዱ “ድሮ የነበረች ሌባ ናት” አለኝ፣ ስለዚያ መነኩሴ እንደሚናገር አድርጎ።

ልጄ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስምሽን ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። ስትወለጂ ሰገን ሌላ ስም አስባ ነበር፣ እኔ ነኝ “ትሕትና ትባል” ብዬ የጸናሁት። ያን ስም አሁን ልጆች ሌባ ማለት አድርገውታል። እኔም ይርገዱም ብንሞት እነዚህ ልጆች ለታናናሾቻቸው ያስተምሩታል፤ አባ ጨጓሬ በወጣ ቁጥር በየዓመቱ አንቺን ያወጣሉ።

አልተቆጣኋቸውም። አፈሩ ላይ ተቀመጥኩና የእጄን ጀርባ ዘርግቼ “በሉ እኔም ልጫወት፣ እዚህ ላይ አስኪዱት” አልኳቸው። ፈሩ። ቅጠሉን ራሴ ተቀብዬ እንዳንቺው እስከ አንጓዬ አስኬድኩት። አቤት አቤት! ክንዴ እስከ ብብቴ እሳት ሆነ። ይኸው እብጠቱ እስከ ዛሬ አልጎደለም፤ ጽሕፈቴ የተንጋደደው ለዚህ ነው። ደሳለው ዋንዛዬ ፍል ውኃ ልውሰድዎ ይለኛል፣ እኔ ይቆይልኝ ብያለሁ። አንቺ ይህን ስትችዪ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርሽ። በዚያው እንደተቀመጥኩ ለአምስት ሕፃናት “ትሕትና ልጄ ናት። አልሰረቀችም። የደበቅሁት እኔ ነኝ” ብዬ ነገርኳቸው። ከእናትሽ ውጭ ለሰው ስናገረው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ለምን ዛሬ ተቻኮሉ ትይኝ ይሆናል። መርሳቱ ብሶብኛል፣ ልጄ። ባለፈው ሰንበት ማኅሌት ስመራ መስመሩ ጠፍቶኝ ተማሪ ነው ያነሣልኝ። የሞተውን ወንድሜን “የት ሄዶ ነው ያልመጣው?” ብዬ ደሳለውን ጠይቄዋለሁ አሉ። አንድ ጠዋት ስነቃ የዳዊቱን መገኘት ረስቼ መጥፋቱን ብቻ አስታውስ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ያን ጊዜ እንደገና ሌባ እልሻለሁ፤ ያውም በእውነት አምኜ። ሞትን እንዲህ አልፈራሁትም።

መንገዱ ክፍት ከሆነ ኅዳር 25 ቀን ከደሳለው ጋር ደብረ ታቦር እሄዳለሁ። ዳዊቱን አቶ መንግሥቴ ፊት አስቀምጬ የዋሸሁትን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ በአንቺና በእንግዳው መካከል የሚሆነውን ራሳችሁ ታውቃላችሁ። ነይ አልልሽም። ይቅር በይኝም አልልሽም፤ “ይቅርታ” የሚለውን ቃል በሽማግሎቹ ፊት አበላሽቼዋለሁ። እናትሽን ግን አትራቂያት፤ እሷ ምንም አላደረገችሽም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ነጋዴው ገበያው ነው፤ ሩዝ ጭኖ እስከ ሐዋሳ የሚወርደው። የገበያውን አፍ ታውቂዋለሽ፤ ወሬ ሆዱ ውስጥ አያድርም። የመረጥኩትም ለዚያ ነው። አላሸግሁትም። እኔ በሰው ፊት ስቆም እንደምከሽፍ አይቼዋለሁና፣ “አንብበው፤ ወረታ ላይ ለሚጠይቅህም አንብብለት፣ ይርገዱ ደጅም ቆመህ አንብብላት” አልኩት። እዚሁ አጠገቤ ተቀምጦ እዚህ ድረስ አነበበው። ሲጨርስ አጠፈውና “የኔታ፣ ይህንንስ እኔ ለማንም አላወራም” አለኝ። በዕድሜው አንድ ቀን አፉን ሊዘጋ እኔ ላይ! በሚካኤል ስም ለምኜ ነው ያስማማሁት።

ሁለት አድርጌ ጽፌዋለሁ። ሁለተኛው ደሳለው ዘንድ ነው። “እህትህን ሌባ ስል የሰማኸኝ ቀን አትቆጣኝ፣ አታባብለኝ። ቁጭ አድርገህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብብልኝ። ባለቅስም አታቋርጥ። በማግስቱ ከረሳሁም እንደገና አንብብልኝ” ብዬዋለሁ።

ቅዱስ ሚካኤል ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽ ይከተል። ጎጆሽን ያሙቅልሽ። የሚጠራሽ ሁሉ በበጎ ይጥራሽ። ለልጆችሽ ከእኔ የሚሻል አባት ይስጣቸው።

እንድልሽ ከፈቀድሽልኝ፣
አባትሽ
ይሄይስ